ቁልፉ ስብሰባ ላይ የዋለበት ዓርብ

ሐምሌ 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ የግል ውሃና ፍሳሽ መስመሮች ርክክብ ጽሕፈት ቤት የሥራ ሂደት ባለቤት
አዲስ ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ መግቢያ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተርም እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። ለእርስዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ ከልቤ እመኛለሁ፤ ረጅም ዕድሜውን በተለይ የምመኝልዎ በእኛ መንደር ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መሞት ብዙ ማመልከቻ የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

እኔ ከምናለሽ ተራ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ መንደር የእድር ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ስም መጥራት ነው። ሰው ሲሞት መዝገቤን ይዤ ድንኳኑ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ የመጣውን አስፈርማለሁ፣ የቀረውን እጽፋለሁ። የቀረ ሰው ቅጣቱ ለሐዘንተኛው ቤት ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ማድረስ ነው። ይህን ተራ ነገር ለክቡርነትዎ የምነግርዎ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው።

የምጽፍልዎ ስለ አንዲት ቁልፍ ነው።

በጽሕፈት ቤትዎ ማኅደር «የግል መስመር ቁጥር 17» ተብሎ የተመዘገበውን እኛ «የሙሚና ቧንቧ» እንለዋለን። በ1986 ዓ.ም. ሠላሳ አራት አባወራዎች ተሰብስበን፣ ከዋናው መንገድ እስከ መንደራችን መሐል ሁለት መቶ አሥር ሜትር በእጃችን ቆፍረን የዘረጋነው ነው። ቱቦውን ከምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ውስጥ አንድ በአንድ እያፏጨንበት መረጥነው። ዓርብ ሙስሊሙ፣ እሑድ ክርስቲያኑ ስለማይቆፍር፣ በሁለቱም ቀን ደግሞ አንዱ ያለ ሌላው መቆፈር ስላልወደደ፣ ሥራው ካሰብነው በላይ ሁለት ወር ፈጀ። የፍሳሹም መስመር በዚያው ዓመት ተከተለ። መስመሩ በሰው ጓዳና በሰው ሱቅ ሥር ማለፍ ነበረበትና ባለቤቶቹን በቃል ጠየቅን። ወይዘሮ እታገኝ ፍሳሹ በማድቤቷ ሥር እንደሚሄድ ስንነግራት ምድጃዋን ራሷ ነቅላ ወደ ግድግዳው አስጠጋችና፣ «ይለፍ፤ ሲሸት ግን ስሜን እንዳታነሱ!» አለችን። የእኛ የመተላለፊያ መብት ሰነድ ይኸው ነበር። ማህተም የለውም፣ ቁጥር የለውም፤ አሥራ አምስት ዓመት ግን አገልግሏል።

የቧንቧውና የታንከሩ ቁልፍ በወይዘሮ ሙሚና አንገት ነበር። ጎህ ሲቀድ ትከፍታለች፣ ሲመሽ ትዘጋለች፣ ወረፋ የሚያጭበረብረውን በስሙ ጠርታ ታሳፍራለች። አንድ ልማድ ደግሞ ነበረን። በመንደሩ ሰው ሲሞት ቁልፉ ከሙሚና አንገት ይወርድና በሐዘንተኛው ቤት በር በተመታ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። እስከ ሰልስት ድረስ ውሃው የዚያ ቤት ነው። ለአስከሬኑ ማጠቢያ፣ ለለቀስተኛው እጅ፣ ለድስቱ። ሌሎቻችን ጀሪካናችንን ይዘን ወደ ሌላ ሰፈር እንሄዳለን፤ አንድም ሰው አጉረምርሞ አያውቅም። ማንም ቁልፉን ሄዶ አይጠይቅም፤ ጩኸቱ የመንደሩ ጫፍ ሳይደርስ ሙሚና ራሷ ደጃፉ ላይ ትገኛለች። በእኔ መዝገብ ሃምሳ ሦስት ሰው በዚህ ልማድ ተሸኝቷል።

ክቡርነትዎን ላለመበደል አንድ እውነት ልናገር። ቱቦአችን አርጅቷል፤ ባለሙያዎ የውሃውና የፍሳሹ መስመር በሁለት ቦታ ከልክ በላይ ተቀራርበዋል ሲል ልክ ነው። ከተማው እነዚህን መስመሮች ተረክቦ ማደስ አለበት የሚለውን ሐሳብ አልቃወምም። ቤቴ መጥታችሁ ይህንኑ ብትነግሩኝ ኖሮ መነጽሬን አድርጌ፣ አንብቤ እፈርም ነበር። አሁን ግን ሳላነብ ስለተደረገልኝ ሁሉ ማመስገን ግድ ስለሆነብኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባልደረቦችዎ ለቅሶ ስለደረሱልን።

ጥር 24 ቀን፣ ዕድሜውን አውቶቡስ ተራ ትኬት ሲቆርጥ የኖረው ጎረቤታችን አቶ ኃይለልዑል ዐርፎ ያንኑ ዕለት ተቀበረ። በማግስቱ ሰኞ ሦስት ባልደረቦችዎ ወደ ድንኳኑ ገቡ። በእኛ ዘንድ ድንኳን የገባ ሰው ለምን መጣህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ለቀስተኛ ነው። እነሱም ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ፤ ሙሚና እጃቸውን አስታጠበቻቸው፤ ንፍሮ ቀረበላቸው፣ በሉ። ከዚያ አንደኛው ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ አጠገቡ ላለው ሰው ሰጠ፤ ወረቀቱም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የተራ ቁጥር፣ የስም፣ የቤት ቁጥርና የፊርማ ዓምድ አለው። ክቡር ሆይ፣ የእኔ የእድር መዝገብም እነዚሁ አራት ዓምዶች ናቸው ያሉት።

እኔ በዚያች ሰዓት ከሁለት ሰዎች ጋር ከጎረቤት እድር አግዳሚ ወንበር ልዋስ ሄጄ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመከላከያ ሳይሆን ጥፋቴን ለማስመዝገብ ነው። በድንኳን ውስጥ የዞረ ወረቀት የመገኘት ፊርማ ነው፤ ካልፈረሙ ሁለት ጀሪካን አለ። ስለዚህ ሁሉም ፈረመ። ረዲ ቡታጅራ ለሄደው ወንድሙ ለፉርቃን ጭምር ፈረመ፤ ይህ በእድሩ ደንብ የተከለከለ ነው፣ እኔም አሥራ አምስት ዓመት እያየሁ እንዳላየሁ ያለፍኩት ነው። ሙሚና መጻፍ ስለማትችል የእናንተው ሰው የቀለም መርገጫ አቀረበላት። አውራ ጣቷን ስታሳርፍ፣ «አጃኢብ! እድራችንም ቀለም ገዛ!» ብላ ሐዘንተኛዋን ሳይቀር አሳቀቻት አሉ።

ወንበሩን ይዤ ስመለስ ባልደረቦችዎ ሄደዋል፤ ወረቀቱም። ሁሉም መፈረሙን ነገረኝ፤ እኔ ደግሞ መዝገቤን ስከፍት ገጹ ባዶ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለሟቹ ስለተሰጠው ክብር።

የስምምነታችሁን ግልባጭ ባገኘሁ ጊዜ በተራ ቁጥር 19 ላይ አቶ ኃይለልዑልን አገኘሁት። ቤቱ በስሙ ስለሆነ ባለቤቱ ወይዘሮ ፋናዬ በስሙ ፈርማለች። እንግዲህ ኃይለልዑል በተቀበረ ማግሥት፣ ለእሱው በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩን ከነመተላለፊያ መብቱ ለጽሕፈት ቤትዎ በፈቃዱ አስረክቧል። በሕይወቱ ለስብሰባ ጠርተነው መጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ጽሕፈት ቤትዎ ሞቶም ቢሆን እንዲሳተፍ አደረገው።

ሦስተኛ፣ ለቀዩ ቀለም።

በስምምነቱ መሠረት ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሜትር ነፃ መሆን ስላለበት የወይዘሮ እታገኝ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቀይ የ«ይፈርሳል» ምልክት ተደርጎበታል። ቤቷ በጠቅላላው አራት ሜትር ነው።

አራተኛ፣ ለጓጉንቸሩ።

በመጋቢት ወር ሠራተኞችዎ ታንከሩንና ቧንቧውን በላሜራ ቤት ውስጥ አስገብተው አዲስ ጓጉንቸር ሰቀሉበት። ቧንቧው ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት እንደሚከፈት የሚገልጽ ማስታወቂያም ለጠፉልን፤ ማስታወቂያው በኮምፒውተር የተጻፈ፣ የሚያምር ነበር። የፍሳሹንም ክዳን በሲሚንቶ አሸጉት። ድሮ ሲደፈን ወጣቶቹ ክዳኑን አንሥተው በረጅም ቀርከሃ ይገፉት ነበር፤ አሁን ያለ ፈቃድ መንካት በሕግ ያስጠይቃል ተባልንና ክረምቱን ሲገነፍል እያየነው ነው።

ለርክክቡ ሥርዓት ሙሚና የያዘችው አሮጌ ቁልፍም ተጠየቀ። ከአንገቷ አውልቃ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠች። ክርክር አላነሣችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰው ሲሞትስ?» አለች። በማመልከቻ ይስተናገዳል ተባለች። በማመልከቻ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ለራሷ ደግማ ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ስትቀመጥ እጇ ወደ አንገቷ ሄዶ የሌለውን ገመድ ሲፈልግ አይቻለሁ።

አምስተኛውን ምስጋና በተራ ቁጥር ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝምና እንዲያው ልተርከው ይፈቀድልኝ።

ግንቦት 21 ቀን፣ ዓርብ፣ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ሙሚና ዐረፈች። ልጇ ሰዓደት አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ እናቷ በአንዋር መስጊድ ከጁምዓ በኋላ፣ መንገዱን በሞላው ሕዝብ ፊት እንዲሰገድባት። ጊዜ ነበረን። መታጠብ፣ መከፈን፣ መውጣት። የአጎራባች ሰፈር ቧንቧዎች ውሃ የሚያገኙት በፈረቃ ነው፤ ዓርብ ፈረቃቸው አልነበረም። ታንከሩ ግን በላሜራው ቤት ውስጥ ሙሉ ነበር።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቢሮዎ ደረስኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ስሟን ስለምሳሳላት የማልጽፈው ልጅ፣ በአክብሮት ተነሥታ ተቀበለችኝ። ጉዳዬን ስነግራት ማኅደሩን አወጣች። የሙሚና አሮጌ ቁልፍ በመጨረሻው ገጽ ላይ በሲባጎ ተሰፍቶ አየሁት፤ አሁን የሚከፍተው ነገር የለም። አዲሱን ስጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ቁልፉ ካዝና ውስጥ ነው፤ የካዝናው ቁልፍ ደግሞ እሳቸው ጋ ነው፣ ስብሰባ ላይ» አለችኝ። ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ስለ መልካም አስተዳደር ነበር። ደወለች፤ ስልኩ ተዘግቷል። ደግማ ደወለች። ከዚያ እያፈረች የሐዘን ቀን አገልግሎት መጠየቂያ ቅጽ ሰጠችኝ። በቅጹ ግርጌ፣ ጥያቄው ከአገልግሎቱ ቀን ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መቅረብ እንዳለበት በደማቁ ተጽፏል። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የዓርብ የምሳ ሰዓት ደረሰና ቢሮው ተዘጋ።

ባዶ እጄን ስመለስ አጣቢዎቹ ሴቶች ቤት ውስጥ፣ ወንዶቹ በላሜራው ቤት ዙሪያ ቆመው ነበር። አንዱ በላሜራው ክፍተት እጁን አስገብቶ ታንከሩን በጣቱ ቆረቆረው። የሞላ ታንከር ድምፅ ክቡርነትዎ ያውቁት እንደሆነ አላውቅም፤ ድፍን ነው፣ አያስተጋባም። ከአጣቢዎቹ ታላቂቱ ሐጀራ በር ላይ ብቅ ብላ፣ «ውሃው የታለ? ሟች ወረፋ ትጠብቅ እንዴ?» አለች።

ረዲ መዶሻ ይዞ መጣ። የእድራችን ሊቀመንበር ሐጂ አብዱልሰላም ጓጉንቸሩ ፊት ቆሙ።

«ተው፣ ረዲ።»

«ሐጂ፣ የራሳችን ውሃ'ኮ ነው!»

«የራሳችን ነበር። ፈርመናል። ሳናነብም ቢሆን ፈርመናል። ሙሚና አሥራ አምስት ዓመት ያለ ቁልፍ አልከፈተችውም፤ ዛሬ በተሰበረ ቁልፍ ውሃ አናጥባትም።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን በጥንቃቄ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። በድንኳን ውስጥ የተወሰደችልዎትን ፊርማ፣ በመንደራችን ውስጥ ያከበራት አንድ ሽማግሌ ነበር። ረዲ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ አለቀሰ።

ከዚያ ነጋዴዎቹ ጀመሩ። ከየሱቁ፣ ሰው ሁሉ ሃይላንድ የሚለው የታሸገ ውሃ በካርቶን በካርቶን ይመጣ ጀመር። ከጁምዓ የቀረው፣ ሱቁን ዘግቶ የወጣው፣ ለመንገድ የገዛውን ይዞ ከአውቶቡስ ተራ የመጣው፣ ሁሉም እያመጣ በሩ ላይ ያኖራል። ወይዘሮ ፋናዬ ገና ጥቁሯን ሳታወልቅ ስድስት ጠርሙስ በነጠላዋ ቋጥራ መጣች። ከቢሮዎም በምሳ ሰዓቷ የመጣች አንዲት ልጅ በፌስታል ሁለት ጠርሙስ አስቀምጣ፣ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ተመለሰች። ከሥራ ገበታዋ ዘግይታ ስለገባች ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈባት ሰምቻለሁ፤ ደብዳቤዋ ከሙሚና ቁልፍ ጋር በአንድ ማኅደር ቢቀመጥ ያማረ ይመስለኛል።

እኛ ወንዶቹ ውጭ ቆመን እንሰማለን። የታሸገ ጠርሙስ ክዳን ሲከፈት ጠቅ ይላል። ጠቅ፣ ከዚያ የውሃ ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። እንደገና ጠቅ። ስም እየጠራሁ መቁጠር ልማዴ ነውና ሳላስበው ቆጠርኩ፤ ከስልሳ በላይ ስደርስ ተውኩት። የመንደሩን ሟቾች ሁሉ በሙሉ ታንከር ያሳጠበች ሴት፣ በግማሽ ሊትር በግማሽ ሊትር እየተቆነጠረ ታጠበች። ጁምዓው አለፈ። ሕዝቡ ተበተነ። ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ስናወጣት ከኋላዋ የቆመው ሁለት ረድፍ ሰው ነበር። ሰዓደት እስከ ዛሬ ስለ ውሃው አታነሣም፤ ስለዚያ ረድፍ ግን ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። «ጋሼ፣ ሁለት ብቻ ነበር አይደል?» ትላለች። እኔ ደግሞ መዝገብ ያዥ ነኝና መዋሸት አልቻልኩም።

ድንኳኑ ውስጥ ስም ጠራሁ። ሠላሳ አራቱን ጨርሼ ስዘጋ፣ ደንባችን በመንደሩ ውስጥ ንብረት የያዘ ሁሉ አባል ነው ስለሚል፣ የመስመሩን አዲስ ባለቤትም ጠራሁ። የግል ውሃና ፍሳሽ መስመሮች ርክክብ ጽሕፈት ቤት አልኩ። አቤት ያለ የለም። ከኋላ አንዱ፣ «ስብሰባ ላይ ነው በለው» አለ። ማንም አልሳቀም። ቀሪ ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ልመናዬን ላሳጥር። መስመሩን መልሱልን አልልም፤ የተፈረመ ተፈርሟል፣ ማደሱንም እንጠብቃለን። የወይዘሮ እታገኝን ግድግዳ ጉዳይ በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ። ዛሬ የምለምነው የዚያን ጓጉንቸር አንድ ትርፍ ቁልፍ ብቻ ነው። ሰዓደት እንደ እናቷ በአንገቷ ትይዘዋለች። ቧንቧውን በማይከፈትበት ቀን ለራሳችን አንከፍትም፤ ይህን ሐጂ አብዱልሰላም በቃላቸው ያረጋግጣሉ፣ የቃላቸውንም ክብደት ከላይ አይተውታል። ቁልፉ የሚወርደው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ ወርዶም የሚንጠለጠለው በሐዘንተኛው በር ምስማር ላይ ነው። ምስማሩ በየቤቱ በር አሁንም አለ። በሙሚና በር ላይ ያለውን ሰዓደት በዚያ ዓርብ ጠዋት፣ እኔ ከቢሮዎ እስክመለስ፣ በጨርቅ ስትወለውለው ነበር።

ይህን ረጅም ደብዳቤ ለማንበብ ከስብሰባ መሐል ጊዜ ስለሰጡኝ፣ በእድራችን በሕያዋኑም በሙታኑም ስም፣ በተራ ቁጥር 19 የፈረመውን ጨምሮ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ውሃ ከደጅዎ አይጥፋ፤ ቁልፉም ከእጅዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ቦጋለ ወልደሰንበት
የእድሩ ጸሐፊ፣ ከምናለሽ ተራ ጀርባ

ማስታወሻ፦ በደንብዎ የሐዘን ቀን አገልግሎት ከሦስት ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ሲገባው፣ ወይዘሮ ሙሚና ሳታሳውቅ በመሞቷ እድሩ ይቅርታ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ስህተት እንዳይደገም ሠላሳ አራታችንም ቅጹን ከወዲሁ ሞልተን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል፤ በዚህኛው ላይ ሁሉም አንብቦ ነው የፈረመው። የመጀመሪያው ቅጽ የእኔ ነው። የአገልግሎቱ ቀን የሚለውን ባዶ የተውነው ከቸልተኝነት ሳይሆን ስለማናውቀው ነው፤ ጽሕፈት ቤትዎ ለዕቅድ ከእኛ ይልቅ ቅርብ ነውና፣ ቀኑን እንደቆረጠልን ይሙላልን።